ፊቱ በጥላ ውስጥ



እስፓኛዊው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ደ ዙርባራን እ.ኤ.አ. በ1635 እና በ1639 መካከል የሣለው፥ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር የሚገኝ አንድ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሥዕል አለ። ቅዱሱ በጨለማ መካከል ብቻውን ተንበርክኮ፥ የራስ ቅል በእጆቹ ይዞ ይጸልያል። ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃን የተቀደደ እጅጌውንና የአፍንጫውን ጫፍ ይነካል፤ ዓይኖቹ ግን በቆቡ ጥላ ተሸፍነዋል።

በአገራችን ሥዕል ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነው። በትውፊታችን ቅዱሳን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ በጎን፥ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎች ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ በፊታቸው ላይ ጥላ አይወድቅም። ታዲያ የፍራንቸስኮስ ዓይን የተሰወረው ምን በድሎ ነው? ምንም አልበደለም። የእኛ ሠዓሊ ቅዱሱን ከክብር ከደረሰ በኋላ ያሳየናል፤ ዙርባራን ግን ገና በመንገድ ሳለ። ሐዋርያው ጳውሎስ የአሁኑ እይታችን ድንግዝግዝ መሆኑን፥ ፊት ለፊት ማየት ግን ገና እንደሚመጣ ያስተማረውን (1ቆሮ 13፥12) ሁለቱ ሥዕሎች ተካፍለውታል።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ካህን አልፎ አልፎ ብቻ በሚደርስባቸው የከፋ ቤተ ጸሎቶች እሑድ እሑድ ጸሎት የሚመሩ አንዳንድ መምህራን፥ «የጸሎት ጣዕም ጠፍቶብናል፤ እንግዲህ ሌላውን ማስተማር ይገባናልን?» ይሉናል። ንስሐ የሚያሻው የኃጢአት ጨለማ አለ፤ እርሱን በኑዛዜ እንለየው። ነገር ግን ሌላ ጥላም አለ። ሙሴ በዐለቱ ስንጥቅ ቆሞ ሳለ የጋረደው የእግዚአብሔር የራሱ እጅ ነበረ (ዘጸ 33፥22)። የደናችን ቡና በዛፍ ጥላ ሥር መብቀሉንማ የቦንጋ ሰው ከእኛ ይበልጥ ያውቃል።

በኋላ ካርዲናል የሆኑት ጉሊየልሞ ማሳያም የዚሁ የፍራንቸስኮስ ልጅ፥ ቆቡ ስም ያወጣለት የካፑቺን ማኅበር አባል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ከፋ ገብተው በ1861 ተባረሩ፤ ዳግመኛም ከፋን አላዩም። አገልግሎታቸውን ግን አልተዉም፤ በሸዋ ቀጠሉ።

መምህራን ሆይ፥ ጣዕም ባይኖረውም ጸሎቱን አታቋርጡ፤ ሕዝቡንም ሰብስቡ፤ መንበርከክ በጥላም ውስጥ ይቻላል። ምእመናን ሆይ፥ በሚመጣው እሑድ ከጸሎት በኋላ መምህራችሁን ስለ ራሱ ጠይቁት። ሌላውን ሲያጽናና ይውላል፤ እርሱን «እንዴት ነህ?» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።