የጥበብ ቤት ባለቤቱ ማን ነው?

ሰባት ጓደኛሞች ሆነን ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። ኅዳር ነበር፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱን ክፍል ለንባብና ለግጥም፣ ሌላውን ለሥዕልና ለቴአትር ልምምድ አደረግነው። ወንበር ከየቤታችን አመጣን። ኪራዩን እንደ እቁብ በየወሩ እናዋጣለን። በግድግዳው ልክ ረጅም መደርደሪያ አሠርተን የአካባቢውን የእጅ ሥራ ደረደርንበት፦ እንስራ፣ ጀበና፣ የመንዝ ባና፣ ሰፌድ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የሁላችን ቤት» ብለን ጻፍን። ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ ለጠፍን፤ ላይክ ጎረፈ።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ ግን ጊዜ ወስዶብኛል።

በመክፈቻው ቀን ከሰዓት የመጨረሻዎቹን ሁለት ጀበናዎች ይዘው የመጡት ሸክላ ሠሪዋ ራሳቸው ነበሩ። ከእናቴ በዕድሜ ይበልጣሉ። ደጃፍ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ፣ ወደ መደርደሪያው አየት አደረጉ። እኔ ገንዘቡን ይዤ ቶሎ ወጣሁና «አንቺ፣ እዚሁ አስቀምጪው፣ እኔ አስገባዋለሁ» አልኳቸው። ብሩን ቆጥረው ተቀበሉኝና ሄዱ። በቃ፣ ይሄው ነው የሆነው።

ልብ በሉ፣ እኔ የሰፈራችንን አረቄ ሻጭ «እትዬ» ነው የምለው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸውን ሴት «እማማ፣ ይለፉ» እላለሁ። ለእኚህ ሴት ግን ከአፌ የወጣው «አንቺ» ነው። ሳላስበው ነው የወጣው። ያሳፈረኝም ሳላስበው መውጣቱ ነው።

እኛ አገር ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እንደማያውቅ ግን ይኖራል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው «ጠይብ» ይባላል፤ ቀስ ተብሎ ደግሞ «ቡዳ»። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ማረሻውንና ጦሩን የቀጠቀጠው፣ ገንቦውን የሠራው ይኸው ባለ እጅ ነው። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉት የታወቁ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎችም መነሻቸውን ከሰሜን ሸዋ ይቆጥራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔም እኮ አልተሳደብኩም! ገንዘቡን ውጭ ድረስ ይዤ ወጣሁ እንጂ።

አምስት ወር አለፈ። አከራያችን ኪራይ ጨመሩ፤ ከሰባታችን ሁለቱ ሥራ ፈተው መዋጮ አቋረጡ። በዚህ መሃል አንድ ነጋዴ የዓመት ኪራይ ልክፈልላችሁ አለን። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ስሙ በሩ ላይ እንዲጻፍ፣ የሚቀርበውን ግጥምና ቴአትር ደግሞ ቀድሞ እንዲያየው። «ምን ችግር አለው? የኔም ልጆች ይመጡ የለ እንዴ?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም።

እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ከሁሉም የጋልኩት እኔ ነበርኩ። «ገንዘብ ስለሰጠ ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚታይ ሊወስንልን አይችልም። ሥራው የኛ ነው። በኛ ሥራ ላይ ስሙን ሊሰቅል ነው የመጣው!» አልኩ። ያኔ ከመካከላችን አንዷ፣ በመክፈቻው ቀን አብራኝ የነበረችው፣ በአገጯ ወደ መደርደሪያው ጠቆመችኝ።

«እነዚያስ የማን ሥራ ናቸው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ነጋዴው በኛ ላይ ሊያደርገው ያሰበውን እኛ ቀድመን አድርገነው ነበር። ሥራቸውን አስገብተን ሠሪዋን ደጅ አስቀረን።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልለቀቀኝም፦ የጥበብ ቤት ባለቤቱ ማን ነው? ካርታው በስሙ ያለው? ኪራይ የከፈለው? ሐሳቡን ያመነጨው? ወይስ ቤቱ የሚኖርበትን ጥበብ የሠራው?

አንደኛው መልስ ከዚሁ ከጎረቤታችን ይመጣል። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ አዲስ አበባ ላይ ቪላ አልፋን ሠሩ፤ መኖሪያቸው፣ ስቱዲዮአቸውና ጋለሪያቸው እሱው ነበር። የአፍሪካ አዳራሽን ግዙፍ ባለ ቀለም መስታወት የሠሩ ሰው በገዛ ቤታቸው የሥዕላቸውን ቦታ ለመወሰን የማንንም ፈቃድ አልጠየቁም። ሠሪውም ባለቤቱም አንድ ሰው ሲሆን ነገሩ ንጹህ ነው። ግን እንዲህ ያለው ቤት የአንድ ሰው ቤት ነው። እኛ በሩ ላይ የጻፍነው «የሁላችን» ነው።

ሁለተኛው መልስ ከሩቅ ነው። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን መንግሥት ለአርቲስቶች ሥራ የሚሰጥበት ፕሮግራም ነበረው፤ በየከተማውም የማኅበረሰብ የጥበብ ማዕከላት ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1940 በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል፣ በጥቁሮች ሰፈር፣ ከእነዚህ አንዱ ሲቋቋም መንግሥት ደመወዝና ማደሻ ሸፈነ፤ ቤቱን የገዛው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረችው ሠዓሊ ማርጋሬት በሮውዝ መንገድ ዳር ቆማ ከአላፊ አግዳሚው አሥር አሥር ሳንቲም ትለምን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፕሮግራሙ ተቋረጠ፤ እንደሱ ያሉት ማዕከላት አብዛኞቹ ተዘጉ። የደቡብ ቺካጎው ዛሬም ክፍት ነው። ደመወዝ ከፋዩ ሲሄድ ቤቱን ይዞ መሄድ አልቻለም፤ የሱ አልነበረማ።

ሦስተኛው የኛው ፈንዲቃ ነው። መላኩ በላይ ካዛንቺስ በነበረው በዚህ አዝማሪ ቤት ለሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ሌሊቱን ከባንኮኒው ሥር እየተኛ የኖረ ልጅ ነበር። ቆይቶ ቤቱን ራሱ ያዘው፤ ጋለሪ ያለው፣ ግጥምና ጃዝ የሚቀርብበት የባህል ማዕከል አደረገው። አዝማሪም እንደ ሸክላ ሠሪው ነው፤ ሠርግ ላይ ይፈለጋል፣ ለጋብቻ ግን አይታጭም። እና ያ ጨፋሪ ባለቤት ሲሆን አዝማሪው የራሱ ሙያ ጌታ በሆነበት ቤት ተጫወተ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቦታው ተነሳ። ግድግዳው ሄደ፤ ሰዎቹ ግን ሌላ ቦታ ላይ መጫወታቸውን አላቆሙም።

እነዚህን ሦስቱን ሳስተያይ አንድ ነገር ይታየኛል። የቤቱን ባለቤት ለማወቅ ካርታ ማየት አይበቃም። ማን «ይሄ አይሆንም» ሲል ነገሩ እንደሚቆም ተመልከቱ። አፈወርቅ ማለት ይችሉ ነበር። የቺካጎ ነዋሪዎች ማለት ይችሉ ነበር። መላኩ ጨፋሪ ብቻ ሳለ አይችልም ነበር፤ በኋላ ቻለ። ሸክላ ሠሪዋ ግን እኛ ቤት ውስጥ ስለ ገዛ ጀበናቸው እንኳን አንዲት ቃል የላቸውም። «የሁላችን» የሚለው ጽሑፍ ያን ያህል ውሸት ነበር።

«ጀበናውን ገዝታችሁታል እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ የጠየቁትን ከፍለናል። ቡና ልናፈላበት ብንገዛው ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ። እኛ ግን ሰቅለን «ባህላችን» አልነው፣ እንግዳ አስጎበኘንበት፣ ስም አገኘንበት። ዕቃውን እንጂ ይሄን አልሸጡልንም።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ሁሉም ሰው «አይሆንም» ማለት ከቻለ ምን ይሠራል? ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የገዛነው፣ ወለሉን የጠረግነው እኛ ነን፤ ይሄ ምንም አይደለም ማለት አልችልም። ስለዚህ አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ ስለ ቤቱ ኪራይና ሰዓት የሚደክሙበት ይወስኑ። ስለ ሥራው ግን፣ እንዴት እንደሚታይ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ ሠሪው የመጨረሻ ቃል ይኑረው። ነጋዴውን የከለከልነው በዚህ ከሆነ፣ ራሳችንንም በዚሁ መከልከል አለብን።

ሦስት ሆነን ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። «እትዬ፣ ያን ቀን በር ላይ...» ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ። ትክ ብለው አዩኝና፦

«የትኛው ነበርክ?» አሉኝ።

ብዙ በር ላይ ነው ገንዘብ የሚቀበሉት። የኔ አንዱ ነው።

አባል ይሁኑ ስንላቸው ሳቁብን። «ስብሰባ? ሸክላውን ማን ይተኩስልኛል?» አሉ። ሆኖም በሁለተኛው ሳምንት መጡ። ገቡ፤ ወንበር ሰጠናቸው፤ አልተቀመጡም። መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩና አንዱ ጀበና ላይ ቆሙ። አንገቱ ጠመም ያለ፣ ጎኑ በእሳት የጠቆረ ነው። ከሁሉም ብዙ ፎቶ የተነሳው እሱ ነበር፤ «ጥንታዊ ይመስላል» እንል ነበር።

«ይሄ የተበላሸብኝ ነው፤ በርካሽ የሰጠኋችሁም ለዚህ ነው። በኔ ስም አይታይም፤ አውርዱት» አሉ።

አንዳችን «ግን እኮ ያምራል» ማለት ጀመረ። ቀና ብለው አዩት። አወረድነው።

አሁን ቀሪዎቹ ሥር በትንሽ ወረቀት ስማቸው ተጽፏል። እዚህ ግን አልጻፍኩትም፤ የተስማሙት ለመደርደሪያው ነው፣ ለኢንተርኔት አልጠየቅኳቸውም። ነጋዴውን አመስግነን እምቢ አልነው። ኪራዩን እስከ ሰኔ ከፍለናል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አናውቅም። መደርደሪያው ላይ የዚያ ጀበና ቦታ ባዶ ነው። እንግዳ ሲመጣ «እዚህ ምን ነበር?» ይላል፤ በየተራ እንነግረዋለን።