የተሳለ ቢላ፣ የራቀ እጅ

የአደን ጠመንጃ ሰደፍ መምረጥ የሞራል ጥያቄ ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ዕቃ መግዛት አይደል እንዴ? እንጨት ወይስ ፕላስቲክ፣ ቀላል ወይስ ከባድ፣ ዋጋው ስንት ነው፤ በቃ። እኔ በምኖርበት ኮሎራዶም አዳኞች ስለ ሰደፍ ሲጫወቱ ወሬው ከክብደትና ከዋጋ ብዙም አይርቅም። ለጠመንጃዬ አዲስ ሰደፍ ስፈልግ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ፦ የተሻለ መሣሪያ የተሻለ አዳኝ ያደርገኛል ወይስ ደፋር ብቻ?

መጀመሪያ ሰደፍ ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ሰደፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመጣልን ትከሻ ላይ የሚያርፈው የኋላ ክፍል ነው። እኔ የማወራው ግን የብረቱን ቱቦና ቃታውን ስለተሸከመው ሙሉ አካል ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን አካል ፈትቶ በሌላ መተካት የተለመደ ነገር ነው። በደቡብ ዳኮታ፣ ሚቸል ከተማ ያለው ቦይድስ ስስ የእንጨት ንጣፎችን በሙጫ አጣብቆ ይሠራል፤ የአሪዞናው ማክሚላን ደግሞ በፋይበርግላስ ይታወቃል። ዋጋው ከመቶ ምናምን ዶላር ተነስቶ ሺህ ያልፋል።

ለምን ይቀየራል? አንደኛው ምክንያት ልክ ነው። በብዙ የፋብሪካ ጠመንጃዎች ላይ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት 13 ተኩል ኢንች፣ ማለትም 34 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ይህ ለአማካይ ሰው የተቆረጠ ልክ ነው፤ አማካይ ሰው ደግሞ የትም የለም። ክንዱ አጠር ያለ ሰው፣ ወይም በኅዳር ብርድ ወፍራም ጃኬት የደረበ ሰው፣ ያው ሰደፍ ይረዝምበታል። ሁለተኛው ጉንጭ ነው። የድሮ ሰደፎች የተቀረጹት ቱቦው ላይ ባለው የብረት ማነጣጠሪያ ለሚያይ ዓይን ነበር። ከላይ መነጽር ሲገጠም ዓይን ከፍ ማለት አለበት፤ ያኔ ጉንጭ ማረፊያ ያጣል። ጉንጭ በየተኩሱ ሌላ ቦታ ካረፈ ዓይን ይንሸራተታል፣ ጥይቱም ይከተለዋል። ሦስተኛው የተሠራበት ነገር ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ርካሽና ስስ ፕላስቲክ ደግሞ ድንጋይ ላይ ሲያስደግፉት ይጣመምና ቱቦውን ይነካል። መለማመጃ ሜዳ ላይ ተስተካክሎ የወጣው ጠመንጃ ተራራ ላይ ሌላ ጠመንጃ ሆኖ ይገኛል።

ይሄ ሁሉ የሚሊሜትር ወሬ ወደ ሞራል የሚሻገረው አጋዘኑ ገላ ላይ ሲደርስ ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የምግብ ሰሃን ያህል። እዚያ የገባ ጥይት ቶሎ ይገድላል። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ያረፈ ጥይት ግን የሚያገኘው ሆድ ዕቃ ነው። እንስሳው ይሮጣል፣ ጥሻ ውስጥ ይተኛል፣ ሞቱ ሰዓታት ይፈጃል። ጭራሽ ሳይገኝም ሊቀር ይችላል። ተኳሹ "ትንሽ ሳትኩ" የሚላት ነገር ለእንስሳው ረጅም ሌሊት ናት።

ይህን ለመረዳት ጠመንጃ መያዝ አያስፈልግም። ቤታችን ውስጥ አለ። በፋሲካ በግ የሚያርድ ሰው አስቀድሞ ቢላውን ይስላል። በደነዘዘ ቢላ የሚገዘግዝ ሰው ሲያዩ ትልልቆቹ ይቆጣሉ፦ "ኧረ አታሰቃየው!" በእስልምናም ከማረድ በፊት ቢላን መሳል ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው። በጉ መታረዱ ካልቀረ ቢያንስ ሥቃዩን ማሳጠር የአራጁ ዕዳ ነው። ልክህን የጠበቀ ሰደፍ መግዛትም ቢላ መሳል ነው። እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ቀላል ነው፤ አቅም ያለው ሰው ይግዛ።

ምሳሌው ግን ከዚህ በላይ አያስኬደንም። ቢላ የሳለ ሰው በጉን ከሩቅ አያርድም። ቢላው የቱንም ያህል ቢሳል እጁ እዚያው በጉ አንገት ላይ ነው። ጠመንጃ ሲሳል ግን እጅ ይርቃል። ትናንት 200 ሜትር ላይ ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ዛሬ በአዲሱ ሰደፍ እጁ ሲረጋ፣ ወዲያው የሚመጣለት ሐሳብ "እንስሳው አሁን ባነሰ ሥቃይ ይሞታል" አይደለም። "400 ብሞክርስ?" ነው።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሳም ፔልትስማን በ1975 ስለ መኪና ተመሳሳይ ነገር አንስቶ ነበር። የደኅንነት ቀበቶና መሰል ነገሮች ሲገጠሙለት፣ ሹፌሩ ያገኘውን ደኅንነት በከፊል በድፍረት አነዳድ ይመነዝረዋል ነው የሚለው። ስሌቱ ብዙ አከራክሯል። ጥያቄው ግን ለአዳኝም ይሠራል፦ ያገኘሁትን ትክክለኛነት በምን ልመንዝረው? በምሕረት ወይስ በርቀት?

ርቀት የራሱ ሕግ አለው። 500 ሜትር ላይ የተለመደ የአደን ጥይት ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በግማሽ ሰከንድ አጋዘን አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ንፋስም ሸለቆው መሃል አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። ሰደፍ የእኔን መንቀጥቀጥ ይቀንስልኛል። የአጋዘኑን እርምጃ ግን አይዝልኝም።

እሺ፣ የሚቃወሙኝ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። "ዓመቱን ሙሉ የሚለማመድ ሰው 500 ሜትር ላይ የሚተኩሰው፣ በዓመት አንዴ ጠመንጃውን አቧራ አራግፎ 100 ሜትር ላይ ከሚተኩሰው ይሻላል" ይላሉ። እውነት ነው። ርቀት ብቻውን ጻድቅና ኃጥእ አይለይም። ነገር ግን ልምምድ የሚያስተካክለው የተኳሹን ድርሻ ነው። የእንስሳው ድርሻ፣ ማለትም መዞሩ፣ መራመዱ፣ መደንገጡ፣ በማንም ልምምድ ውስጥ የለም። ሩቅ በተኮስን ቁጥር የኛ ያልሆነው ድርሻ ያድጋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን እኛ አይደለንም።

አልዶ ሊዮፖልድ፣ ከሞተ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፉ፣ አዳኝ የሚያጨበጭብለትም የሚፈርድበትም ተመልካች እንደሌለው ያነሳል፤ ዳኛው ሕሊናው ብቻ ነው። የአደን ዕቃ መብዛቱ ችሎታን መተካት መጀመሩንም ይተች ነበር። እኔ በዕቃው እንደ እሱ አልጨክንም። ዕቃውን እንግዛ፤ ግን ዕቃው ወሰናችንን አይወስንልን።

በመጨረሻ የገዛሁት የድርብርብ እንጨት ሰደፍ ነው፤ ጉንጭ የሚያርፍበት ከፍ ዝቅ የሚል። ከካርቦን ፋይበር ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይሰማል፤ ክብደቱ ግን ሲተኮስ ትከሻን የሚመታውን ምት ያለዝበዋል። ከማዘዜ በፊት ለራሴ 250 ሜትር የሚል ወሰን አበጀሁ፤ ያኔ በአሮጌው ሰደፍ የምተማመንበት ርቀት እሱ ነበር። አዲሱ ከመጣ በኋላ መለማመጃ ሜዳ ላይ 400 ሜትር ያለውን ብረት ደጋግሜ መታሁ። ወሰኑ ግን እዚያው 250 ላይ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን 350 ሜትር ገደማ ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ልቀርበው በደረቴ ስሳብ ንፋሱ ሽታዬን አደረሰውና ሸለቆ ውስጥ ገባ። ሥጋ ሳልይዝ ተመለስኩ። ይህን የሰማ ጓደኛዬ "ታዲያ ያን ሁሉ ዶላር ለምን አወጣህ?" አለኝ።

ሊቀርበኝ ለሚችለው አጋዘን ነው ያወጣሁት።