ምድርን ማወቅና ሰውን ማክበር

ሙሴ ወደ ከነዓን 12 ሰዎችን በላከ ጊዜ የምድሪቱን ልምላሜ፣ ዛፏን፣ የሕዝቧን ብዛትና የከተሞቿን ሁኔታ እንዲመረምሩ አዘዛቸው (ዘኁ. 13፥17-20)። ሁሉም ያዩት አንድ ምድር ነበር፤ ይዘውት የተመለሱት ቃል ግን ሁለት ሆነ። አሥሩ በፍርሃት፣ ካሌብና ኢያሱ በእምነት ተናገሩ። ምድርን ማጥናት የዓይን ብቻ ሳይሆን የልብም ሥራ ነውና። ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል፤ የሌላውን ሰው ምድርና ኑሮ የሚያጠና ሰው ለዚያ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ስለ ሞቃት አገሮች የሚያጠናው የጂኦግራፊ ትምህርት ለዚህ ሁለት ዓይነት ምሳሌ ይሰጠናል። አሜሪካዊው ኤልስወርዝ ሀንቲንግተን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሥልጣኔ ደረጃ በአየር ንብረት እንደሚወሰን፣ ሙቀትም የሰውን ትጋት እንደሚያደክም ጽፎ ነበር። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ድህነትን የፀሐይ ሥራ አድርጎ የፍትሕን መጓደል ይሸፍናል። የአገራችን ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ግን ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የነበረውን ረኀብ መርምረው በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ድርቅ ብቻውን ረኀብን እንደማያመጣ፣ ገበሬውን የሚያጋልጠው በላዩ የተጫነው ሥርዓት መሆኑን አሳዩ። የቀና ጥናት ድኃውን ከመውቀስ ይልቅ የተሸከመውን ሸክም ይገልጣል።

ይህ ነገር ለወለጋ ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በደረሰው ታላቅ ረኀብ ምክንያት የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያጓጉዝ፣ ብዙዎቹ በወለጋ ሰፈሩ። በዕቅድ አውጪዎቹ ዓይን ምድሩ ባዶ ነበር። ነገር ግን እንዲያርፍ የተተወ እርሻ፣ የከብት መሰማሪያና ቀፎ የተሰቀለበት ደን ባዶ ምድር አይባልም። የአገሬው ገበሬ «በዳ»፣ «በዳ ደሬ»፣ «ገሞጂ» እያለ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን ይለያል፤ በቆላው ወባ ሰውን፣ ገንዲ ከብትን እንደሚያጠቃም ያውቃል። ሆኖም እርሱን የጠየቀው አልነበረም። ከሰፋሪዎቹም ብዙዎች ሳይወዱ ተወስደው ከማያውቁት አየርና በሽታ ጋር ተጋፈጡ። ተመራማሪው አሉላ ፓንክረስት ከጊዜ በኋላ በወለጋ በሰፈራ መንደር ተቀምጠው የሰፋሪዎቹን ቃል ሰሙ፤ መጽሐፋቸውንም በ1992 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከሰፈራው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ከሰፈራው በኋላ ተጠየቀ።

«ሰው በረኀብ እያለቀ ለመጠየቅ ጊዜ የት አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ርኅራኄ ሊፈጥን ይገባዋል። ደጉ ሳምራዊም ፈጥኖ ነበር። ሆኖም ቀርቦ የቆሰለውን አየ፣ ቁስሉን አሠረ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ቃል ገባ (ሉቃ. 10፥33-35)። መፍጠን ሰውን እንደ ዕቃ ማጓጓዝ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርና የድኆች ጩኸት አብሮ እንዲሰማ፣ የአካባቢው ሕዝብም በምድሩ ጉዳይ ድምፅ እንዲኖረው አስተምረዋል።

እንግዲህ በቢላና በአካባቢዋ የምትገኙ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ መጠይቅ ይዞ ወደ ደጃችሁ የሚመጣውን አጥኚ በእንግድነት ተቀበሉት፤ እውነቱንም ንገሩት። ማን እንደላከው፣ ጥናቱ ለምን እንደሚውልና ውጤቱ ወደ እናንተ እንዴት እንደሚመለስ መጠየቅም መብታችሁ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ላይ ወደተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደ ሌላ ስፍራ ለትምህርት የሚሄዱ ልጆቻችሁ አያቶቻቸው ስለ መሬቱ የሚያውቁትን እንዳይንቁ ምከሯቸው። «ነባር» እና «ሰፋሪ» የሚለው አጠራር ወንድማማቾችን በሚለያይበት ምድር፣ ሁለቱንም ሰምቶ የሁለቱንም እውነት የሚጽፍ ሰው ለሰላም ይሠራል። ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናትና፣ የሚያጠናትም ሆነ የሚያርሳት በፊቱ መልስ ይሰጣል።