ሙያና ምግባር

ሙያ ስጦታ ነው ወይስ ልምምድ? አርስቶትል ሰው እየገነባ ግንበኛ፣ ደግ እየሠራም ደግ እንደሚሆን አስተምሯል። በወንጌሉ የመክሊት ምሳሌ ስጦታው ይቀድማል፤ ሆኖም የተወቀሰው መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ስለሆነ ስጦታና ልምምድ አይጣሉም።

በዋግ ኽምራ፣ በዝቋላ፣ ጥያቄው ቀፎ ሥር ይፈተናል። ጥሩ ማር ቆራጭ ጭሱን ይመጥናል፤ ለንቦቹም ቀለብ የሚሆን የማር እንጀራ ይተዋል። የመጀመሪያው የእጅ ቅልጥፍና ነው። ሁለተኛው ግን ስስትን መግታት ነው፤ ጠባይ ካልታከለበት ቅልጥፍናው ቀፎውን ባዶ ያስቀራል። ልጅ ይህን የሚማረው ከአባቱ ጎን ቆሞ ነው፤ ባልትናም እንዲሁ ከእናት ጓዳ ይወረሳል።

ጨዋታም ያለ ሙያ አይደምቅም። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሚከበረው የሻደይ በዓል ልጃገረዶች ከበሮ አመታቱንና ዜማ አቀባበሉን የሚለምዱት ከታላላቆቻቸው ጋር እየጨፈሩ ነው።