አሜን ብላችሁ የት ሄዳችሁ?

ልጆቼ፣ ትናንት እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ስልኬ ሁለቴ ጮኸ። የመልአክ ሥዕል ነው፤ ከሥሩ «አሜን በሉና ለ10 ሰው ላኩ፤ እስከ ማታ የምሥራች ትሰማላችሁ» ይላል። ሁለቱንም ላኪዎች አውቃቸዋለሁ። አንዱ የቤት ኪራይ አልሞላለት ብሎ ተጨንቋል፤ አንዷ ተመርቃ ሥራ ካጣች ዓመት አልፏታል።

ጭንቀታችሁን አልንቅም። ያንገበገበኝ እግዚአብሔርን ሎተሪ አዟሪ ማድረጋችሁ ነው። ዕጣው ካልወጣ ትኮርፋላችሁ፤ «ጸልዬ ነበር፣ ጠብ ያለ ነገር የለም» ትላላችሁ። መቼ ጸለያችሁ? የጸለየው አውራ ጣታችሁ ነው!

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት መድገም ስጀምር ግን ምጣድ ዳር ታስቀምጠኝ ነበር። ዳዊት በየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደርሳል። እኔ አነባለሁ፤ እሷ ትጋግራለች። ግዕዙን ባትሰማም በጆሮዋ ይዛው ነበርና አንድ ቃል ከዘለልኩ «መለስ በል» ትለኛለች። ደመወዜ እንጎቻ ነበረች።

አንድ ክረምት አባቴ ታሞ ተኛ፤ ዱቄቱም አለቀ። የዕለቱን ደግሜ ስጨርስ እናቴ ነጠላዋን አጣፋች፤ እንቅቧን አንሥታ ወደ ጎረቤት ልትወጣ ሆነ። «ጸልየን የለም እንዴ?» አልኳት። «የጸለይኩትማ እፍረቱ ለቆኝ በር እንዳንኳኳ ነው» አለችኝ። ተበድራ መጣች። እህሉ ሲደርስ ቁናውን ከምራ መለሰች፤ ያቺ ጎረቤት በተራዋ ሲከፋባት ደግሞ የእኛን በር ክፍት አገኘችው።

የሰራፕታዋን መበለት አስቡ። ነቢዩ ኤልያስ ሲደርስባት የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ጋገረች። ጎተራ ሞላላት አልተባለም፤ ማድጋዋ ግን አልጎደለም። እምነት ማለት ይህ ነው፤ የነገውን ሳያዩ የዛሬውን መጋገር።

ሌላው ሌላው ምክሬ አጭር ነው። ለሠርግ ድግስ ተበድራችሁ ለዕዳው ስለት አትሳሉ። ስትታመሙ ጸበሉንም ሐኪሙንም ያዙ። የንስሐ አባታችሁን መከራ ሲመጣ ብቻ አትፈልጉ።

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ አልወጣልኝም። እነዚያ ሁለት ላኪዎች የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚለያቸው ግድግዳ ነው። እሱ ለእሷ ልኳል፤ እሷም ለእሱ። «አሜን» ተባብለዋል። ልጁ የሚሠራበት ድርጅት ሰው እንደሚፈልግ ልጅቷ አልሰማችም፤ ልጁ ራት ሳይበላ እንደሚያድር ልጅቷ አታውቅም። ሁለቱም ለእኔ የላኩልኝን ሥዕል ትተው አንዳቸው የሌላውን በር ቢያንኳኩ ኖሮ የምሥራቹ እስከ ማታ ባልቆየ!

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ዳዊቱን ከ1 ጀምሩ። ስትጨርሱ ተነሡና ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ እዩ። ለእኔ ግን ምንም አትላኩልኝ።