አገረሸበት

አማርኛችን ተመልሶ ለመጣ በሽታ «አገረሸ» የሚል ቃል አለው። ወባ ያገረሻል፣ ቂም ያገረሻል፣ የመጠጥ አመልም ያገረሻል። ጥሩ ነገር ግን ሲያገረሽ ሰምቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቶ የከረመ ሰው እንደገና ሲጀምር «ተመለሰ» ነው የሚባለው። ታዲያ ቪዲዮ ጌም ትቶ የከረመ ጎልማሳ እንደገና ቢጀምርስ? ተመለሰ እንበል ወይስ አገረሸበት?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ደብረ ማርቆስ የሚኖር መምህር ወዳጄ ነው። ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን «ዲያብሎ ሁለት»ን ሲወድ ለጉድ ነበር። (የጌሙን ስም ለእናቱ ነግሯቸው አያውቅም፤ አልፈርድበትም።) «አክሽን አር ፒ ጂ» ከሚሉት ወገን ነው። አንድ ጀግና ትመርጣለህ፣ ጭራቅ ትገድላለህ፣ ከሬሳው ሰይፍና ጥሩር ትለቅማለህ፣ ደረጃህ ከፍ ይላል። ጌም ቤት በጨዋታ ሒሳብ ስለሚከፈል ፊፋ እንጂ እንዲህ ያለ የወራት ጉዞ አያዋጣም። ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ በፍላሽ ነበር የሚዛመተው።

የደረጃው ጣሪያ 99 ነው። ወዳጄ 90ን አለፈና ተወው። ተሸንፎ አይደለም። ከዚያ ወዲያ አንዲት ደረጃ ለመጨመር ያንኑ ዋሻ፣ ያንኑ ጭራቅ ደጋግሞ መመላለስ ነው። «ስጫወት ስጫወት ሳላውቀው ሒሳብ ሹም ሆንኩ» ይላል፤ ያውም ያለ ደመወዝ። በርናርድ ሱትስ የተባለ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ፣ መጫወት ማለት አላስፈላጊ እንቅፋትን ወዶ ፈቅዶ ለማለፍ መጣር ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ወዶ ፈቅዶ የሚለውን አውጡና እዩት። የሚቀረው እንቅፋቱ ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የወጣው «ዲያብሎ አራት» ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። አሮጌው ግን ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ወዳጄ አቧራ የጠጣ ላፕቶፑን አወጣና፣ የድሮውን ጀግናውን ትቶ አዲስ ከደረጃ 1 ጀመረ። ማታ ማታ አንድ ሰዓት። ሚስቱ አየችውና «አገረሸበት!» አለች።

አገር ሲታመስ ጌም? የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ እጠይቀዋለሁ፦ ወሬ በማይመጣበት ማታ፣ በር ዘግቶ ተቀምጦ፣ ጭንቀቱን ቢያመነዥክ ለማን ይጠቅም ነበር?

የጎጃምን ደጋ ገበሬ ተመልከቱ። አዝመራ ሲሰበሰብ የገና ዱላ ይወጣል፣ ሩር ይለጋል፤ በዓሉ ሲያልፍ ዱላው ይጣላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት «እገሌ የገና ፍላጎቱ ጠፋበት» የሚል የለም። መሬት አርፎ እንደሚያድር ጨዋታውም ያድራል። ይህን የጌም ኩባንያዎችም ደርሰውበታል። «ዲያብሎ ሦስት» እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «ሲዝን» የሚል ነገር አመጣ፤ በእያንዳንዱ ሲዝን ተጫዋቹ በአዲስ ጀግና ከ1 ይጀምራል። ብልሃቱ አንድ ይመስላል። ግን የገናን ወቅት የሚያመጣው የእህሉ መድረቅ ነው፤ የሲዝኑን ደወል የሚደውለው ሻጩ ነው። ጨዋታ የናፈቀው ሰው ተመለሰ ቢባል ያምርበታል። ደወል ሰምቶ የሮጠው ነው ያገረሸበት።

ለሚስቱ ይህን ብነግራት «እሱስ በምን ይለያል?» አለችኝ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ጀግናው ደረጃ 41 ላይ ነበር። ፈተና ማረም መጣና እዚያው ተወው፤ ላፕቶፑም ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እስካሁን አላወረደውም። እሷም ቦታውን ታውቀዋለች፤ አልደበቀችበትም።