ዳገቱን አይቶ ሸክሙን አለማየት

አንድ ሙስሊም ያለ አንዳች ጉዳይ፣ ለመንሸራሸር ብቻ ኮረብታ ቢወጣ ጊዜውን አባከነ ይባላልን? ከወንድሞች መካከል "የሥራ ፈት ነገር ነው" የሚሉ አሉ። "የአላህን (ሱ.ወ) ፍጥረት እያዩ ማስተንተን ራሱ ኢባዳ ነው" የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ነገር ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ያጋጠመኝ ነገር አስተያየቴን እንዳርም አስገድዶኛል።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ከአንድ ወዳጄ ጋር ወደ አምቦ ሄድን። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን ይህችን ከተማ ብዙዎቻችን የምናውቃት በጠርሙስ ውሃዋ ነው። በስተደቡቧ ግን ወደ ደንዲና ወደ ወንጪ ተራሮች የሚያመራ ዳገት አለ። ዐስርን ሰግደን ከከተማው ወጣን። በዚህ ወቅት ቀኑ አጭር ስለሆነ እስከ መግሪብ የቀረን ከሁለት ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ሸለቆው ጸጥ ብሏል፤ ከሩቅ አውድማ በሬ ከሚያበራይ ገበሬ ድምፅ በስተቀር የሚሰማ የለም። የአካባቢው ውሃ ወደ ጉደር፣ ከጉደርም ወደ ዓባይ እንደሚወርድ እያሰብን "ሱብሐነላህ" አልን።

ከዳገቱ ወገብ ስንደርስ አንዲት እናት የእንጨት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። ወዴት እንደምንሄድ በኦሮምኛ ጠየቁን።

"ወደ ላይ፣ እንዲሁ ለማየት" አላቸው ወዳጄ።

ፈገግ ብለው "እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። ይልቅ ይህን አሸክሙኝ" አሉ።

ወዳጄ አላሸከማቸውም፤ ራሱ ተሸከመው። ፊታችንንም ወደ ከተማው አዞርን። እውነቱን ለመናገር ውስጤ አጉረመረመ፤ ጫፉ ቅርብ ነበርና። ተራዬ ደርሶ ገመዱ ትከሻዬን ሲቆርጠኝ ግን፣ ለእኔ ትዕይንት የሆነው ዳገት ለእርሳቸው ምን እንደሆነ ገባኝ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን ዕቃውን በማሸከም መርዳት ሰደቃ መሆኑን አስተምረዋል። ታዲያ ተራራውን አይቶ የፈጣሪን ታላቅነት ያወሳ አንደበት፣ በዚያው ተራራ ላይ በሸክም የጎበጠውን ሰው ሲያይ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ማስተንተኑ ከዓይን አልፎ ልብ ደርሷል ማለት ይቻላልን?

"የአንድ ቀን ሸክም ማንሳት ድህነትን አያጠፋም" የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ እኚያ እናት በማግስቱም እንጨት ለቀማ ወጥተው ይሆናል። ይህ ግን ነገ ልናደርግ የሚገባንን ያበዛብናል እንጂ ዛሬ እጃችንን እንድናጣጥፍ አይፈቅድልንም።

ስለዚህ መንሸራሸሩን አንተው። ከከተማ ጫጫታ ወጥቶ ፍጥረትን ማየት ልብን ያለሰልሳል። የልቡን መለስለስ የምናውቀው ግን ከጫፍ በመድረሳችን ሳይሆን፣ በመንገዳችን ላይ ለቆመው ሰው በምንሰጠው መልስ ነው። እኛ ጫፉን ሳናይ መግሪብ ገባ። ወዳጄ የቀረበት ነገር ያለ አይመስለውም፤ እኔም ቀስ በቀስ ከእርሱ ጋር ተስማምቻለሁ። ወላሁ አዕለም።